«እንጠራችኋለን» የሚሉት ስንብት

ድርጅት ሲዳከም ሠራተኛውን ያለ ወሬ ቢያሰናብት ደግ አደረገ፣ ሠራተኛውም የሰጡትን ተቀብሎ ዝም ብሎ ቢወጣ ጨዋ ነው የሚል ፍርድ በመካከላችን ሰፍኗል። ይህን የሚሉት አሠሪዎች ብቻ ቢሆኑ ባልደነቀኝ። የሚሉት ግን የተሰናባቹ አባት፣ አጎት፣ የንስሐ አባት፣ የሰፈር ሽማግሌ ናቸው። ከባሕር ዳር ሆቴል ወይም ፋብሪካ ሥራ አጥቶ ወደ ከተማችን ዱርቤቴ የተመለሰ ልጅ ስለ ቀረው ገንዘብ ማንሳት ሲጀምር ቀድሞ የሚደርሰው መልስ «የበላህበትን ወጪት አትስበር» የሚለው ነው። ደመወዙን በየወሩ በልቷል፣ ሥራው ሲያልቅ አልቋል፣ ከዚህ በላይ መጠየቅ ውለታ ቢስነት ነው ይሉታል። ልጁም አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል።

የምከራከረው ከዚህ ፍርድ ጋር ነው። አሠሪ ሠራተኛውን የሚያሰናብትበትን እውነተኛ ምክንያትና ትክክለኛ ቀን መናገር ዕዳው ነው እላለሁ። በአገራችን ሕግ የስንብት ገንዘብ የሚሰላው በምክንያቱና በቀኑ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ ምክንያቱን የደበቀ ገንዘቡንም ደብቋል። አንድ ዓይነት ሥራ፣ ለአንድ ዓይነት ዘመን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የሠሩ ሰዎች ሲሰናበቱ አንዱ ብዙ አንዱ ባዶ እጁን የሚወጣውም ከአዋጁ ጉድለት ይልቅ በዚህ ድብቅነት ነው።

ስሌቱን እንየው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ማንም ሰው በጣቱ ሊያሰላው በሚችል መንገድ አስቀምጦታል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዙ በ30 ተባዝቶ ይከፈለዋል። ከዚያ በኋላ ለሠራው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ገንዘብ አንድ ሦስተኛ ይጨመርለታል፤ ድምሩ ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ድርጅቱ ለዘለቄታው ከተዘጋ፣ ወይም ሠራተኛው የወጣው በቅነሳ ከሆነ፣ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል። በቅነሳ የሚወጣ ሠራተኛ ደግሞ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል፤ ካልተሰጠው ያ ሁለት ወር በገንዘብ ይከፈላል። ያልወሰደው የዓመት ፈቃድም ወደ ገንዘብ ይለወጣል።

በአንድ የባሕር ዳር ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አራት ዓመት የሠራች፣ በወር 3,000 ብር የሚከፈላት የዱርቤቴ ልጅ እናስብ። ለመጀመሪያው ዓመት 3,000 ብር፣ ለቀሩት ሦስት ዓመታት በዓመት 1,000 ብር፣ አንድ ላይ 6,000 ብር ይሆናል። በቅነሳ ስለወጣች የ60 ቀን 6,000 ብር ሲጨመር 12,000፤ ማስጠንቀቂያ ካልተሰጣት የሁለት ወሩ 6,000 ብር ሲታከል 18,000 ብር። ይህ የፈቃዷን ሳይቆጥር ነው።

አሁን ምክንያቱን እንቀይረው። በደብዳቤዋ ላይ «በገዛ ፈቃዷ ለቀቀች» ተብሎ ቢጻፍ፣ በራሱ ፍላጎት የሚለቅ ሠራተኛ ስንብት የሚያገኘው ቢያንስ አምስት ዓመት ካገለገለ ስለሆነ፣ የምታገኘው ምንም የለም። «የውል ጊዜዋ አበቃ» ቢባልም ምንም የለም። «በጥፋት ተሰናበተች» ቢባልም እንደዚያው። «ለጊዜው ቤትሽ ቆዪ፤ ሥራ ሲመጣ እንጠራሻለን» ቢባል ደግሞ ደብዳቤ እንኳ የለም። ያቺው ልጅ ናት፣ ያው አራት ዓመት ነው፣ ያው የተቃጠለ እጅ ነው። ከ18,000 ብር ወደ ዜሮ ያወረዳት የአሠሪው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር መጠየቅ ወጪት መስበር ከሆነ፣ ወጪቱን ቀድሞ የሰበረው ማን ነው?

ከእነዚህ ሁሉ የከፋው «እንጠራችኋለን» የሚለው ነው፤ በአካባቢያችንም በጣም የተለመደው እሱ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ፣ መንገድ እየተዘጋ፣ ኢንተርኔት እየተቋረጠ፣ የባሕር ዳር ሆቴሎች የቆሙበት መሠረት ተናጋ። ወደ ዘጌ ገዳማት የሚቀዝፈው ጀልባ ተሳፋሪ አጣ፣ ጢስ ዓባይን ሊያይ የሚመጣው እንግዳ ቀረ፣ ስብሰባና ሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ሥራ እንደጠፋ አልክድም። የምቃወመው ሥራው ከጠፋ በኋላ የተደረገውን ነው። ሠራተኛው በቃል ወደ ቤቱ ተላከ። ቀን አልተቆረጠለትም፣ ወረቀት አልተሰጠውም። የሠራተኞቹ ቁጥር የት እንደደረሰ የሚያውቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲኖር አልተፈለገም።

እንዲህ ላለው ጊዜ ሕጉ መንገድ አላዘጋጀም እንዳይባል አዘጋጅቷል። ከአንቀጽ 17 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ስለ ሥራ ውል መታገድ ይናገራሉ። ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ወይም አሠሪው ያላመጣው የገንዘብ ችግር ሥራውን ቢያንስ ለአሥር ተከታታይ ቀናት የሚያስቆም ከሆነ፣ አሠሪው ውሉን ማገድ ይችላል። ሲያግድ ግን በሦስት ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። መሥሪያ ቤቱ ምክንያቱን ይመረምራል፣ ካመነበት የእግዱን ጊዜ ይወስናል፤ ይህም ከ90 ቀን አይበልጥም። ምክንያቱ በቂ ካልሆነ ሥራው እንዲቀጥልና የታገዱበት ቀን እንዲከፈል ያዛል። ድርጅቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥራ መጀመር እንደማይችል ከታመነ ደግሞ ሠራተኛው የስንብት መብቱን ያገኛል።

ይህን ሥርዓት በእርጋታ ብናየው ለአሠሪው የሚራራ ሆኖ እናገኘዋለን። ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ክፍያ እንዲተነፍስ ዕድል ይሰጠዋል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እውነቱን በወረቀት እንዲጽፍ። «እንጠራችኋለን» የሚለው አሠሪ የሚሸሸውም ይህንን ወረቀት ነው። ወረቀቱ ካለ 90 ቀን ይቆጠራል፤ ወረቀቱ ከሌለ የሚቆጠረው በሠራተኛው ላይ ነው።

ከሥራ መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ደግሞ በሦስት ወር። ዱርቤቴ ተቀምጣ ስልኳን የምትጠብቀው ልጅ አሠሪዋን በማመኗ ጊዜዋን እየበላች ነው። ሰባተኛው ወር ላይ ተስፋ ቆርጣ ፍርድ ቤት ብትሄድ፣ ያ «እንጠራሻለን» ያላት ሰው በጠበቃ በኩል «ሥራ ካቋረጠች ስድስት ወር አልፏል» ብሎ ይከራከራታል። ጥሪውን እየጠበቀች መሆኗን የሚያስረዳላት ወረቀት የላትም። በዚህ ላይ ክሱ የሚቀርበው ሥራው በተሠራበት ባሕር ዳር ነው፤ ከዱርቤቴ በመራዊ በኩል የሚያደርሰው መንገድ ተዘግቶ የከረመባቸውን ሳምንታት የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። እምነቷን መልሶ በእርሷ ላይ ማስረጃ ማድረግ ከዚህ በላይ እንዴት ይሆናል? ሽማግሌዎቻችን ይህን ጨዋነት ብለው ሲጠሩት ስሰማ ያመኛል።

ስለ መልቀቂያ ደብዳቤውም ልናገር። ሠራተኛ ሲሰናበት የሥራ ልምድ ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ ያለ እሱ ሌላ ቦታ አይቀጠርም። አዋጁ ይህን ማስረጃ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ጠቅሶ፣ አሠሪው ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በተግባር ግን ማስረጃው መያዣ ሆኗል። ክሊራንስ አዙር፣ «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ፤ ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ቀሪ ሂሳብ የለኝም» የሚለው ላይ ፈርም፣ ከዚያ የሥራ ልምድህን ትወስዳለህ ይባላል። የተቸገረ ሰው ይፈርማል። ይህን ስል ማንንም መክሰሴ አይደለም፤ ከኪራይ ቤት ሊወጣ ሁለት ቀን የቀረው ሰው የማይፈርመው ነገር የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። አንቀጽ 25 አሠሪና ሠራተኛ ተስማምተው ውል ማቋረጥ እንደሚችሉ ይፈቅድና፣ ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን መብት መተዉ ግን በሕግ ፊት እንደማይጸና ይደነግጋል። ያ ፊርማ የስንብት መብትን አይገድልም ማለት ነው። ሽማግሌዎቻችን «አንዴ ፈርመሃል፤ ቃልህን ጠብቅ» ሲሉት ሕጉ ያልጫነበትን ሸክም በልጁ ላይ እየጫኑ ነው። ቃል መጠበቅ ትልቅ ነገር ነው፤ በግዳጅ የተወሰደ ቃል ግን የወሰደውን እንጂ የሰጠውን አያሳፍርም።

እኩል አለመሆኑ በደረጃም ይታያል። ሥራ አስኪያጁ ሲለቅ ከባለቤቱ ጋር ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ይደራደራል፣ የወራት ክፍያና የምስጋና ደብዳቤ ይዞ ይወጣል። ሒሳብ ሠራተኛዋ አዋጁን ስለምታውቅ የራሷን ስሌት ይዛ ትቀርባለች፣ ብዙ ጊዜም ይከፈላታል። ጽዳት፣ ጥበቃ፣ ላውንደሪና አትክልተኛ የሆኑት ግን ወይ በኤጀንሲ ስም የተቀጠሩ ናቸው፣ ወይ በየሦስት ወሩ የሚታደስ ውል የፈረሙ ናቸው፣ ወይ በቀን ሠራተኛ መዝገብ ላይ የሰፈሩ ናቸው። እነርሱ ሲወጡ «እናንተ ቋሚ አይደላችሁም» ይባላሉ፤ ይህን ሁሉም ሰው፣ ራሳቸውም ጭምር፣ እውነት ነው ብለው ይቀበሉታል።

እውነት አይደለም። በአዋጁ መሠረት የሥራ ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ ውል ማድረግ የሚቻለው ሕጉ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው። የታመመ ሠራተኛን መተካት፣ ድንገተኛ የሥራ መብዛት፣ በራሱ የሚያልቅ ሥራ የመሳሰሉት ናቸው ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት። የሆቴል አንሶላ ማጠብ በራሱ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ ሆቴሉ እስካለ አንሶላው አለ። በሦስት ወር ውል አሥራ ስድስት ጊዜ እየፈረመች አራት ዓመት ያጠበች ልጅን ጊዜያዊ የሚያደርጋት ሕጉ አይደለም። የደመወዝ መዝገቡን የያዘው ሰው ነው።

ሌላው የማምለጫ መንገድ ቁጥር ነው። ሕጉ የሠራተኛ ቅነሳ የሚለው ከጠቅላላው ሠራተኛ ቢያንስ 10 በመቶውን፣ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ደግሞ ቢያንስ አምስት ሰው የሚነካውን ስንብት ነው። ቅነሳ ሲሆን አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት፤ ችሎታና ምርታማነት ያላቸው ይቆያሉ፣ በዚህ እኩል ከሆኑ ደግሞ የአገልግሎት ዘመን፣ የቤተሰብ ኃላፊነት፣ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት፣ እርግዝና ይታያሉ። ይህ ሁሉ ከበዛበት አሠሪው በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ሰው ይሸኛል። በዓመቱ መጨረሻ ግማሹ ሠራተኛ የለም፤ «ቅነሳ» የሚል ቃል ግን በአንድም ደብዳቤ ላይ አልሰፈረም። እርጉዟ ሴት ቀድማ ትወጣለች፣ ጋዝ ያቃጠለው ወጥ ቤት ሠራተኛ ይከተላል፣ ተወካይ ለመሆን የደፈረው ከሁሉ በፊት ሄዷል።

በተቃራኒ ወገን የሚቀርቡት መከራከሪያዎች ከባድ ናቸው፤ በንቀት አላልፋቸውም።

የመጀመሪያው ቀድሞ ቢነገር ሠራተኛው ንብረት ያበላሻል፣ ይሰርቃል፣ ሥራ ይለግማል የሚለው ነው። ይህ የሚያስፈራው ሠራተኛው ምንም እንደማያውቅ ካሰብን ነው። ሠራተኛው ግን ያውቃል። ወጥ ቤቱ የሚገዛው ሥጋ መቀነሱን ያያል፤ ላውንደሪ ያለችው በቀን ስንት አንሶላ እንደምታጥብ ትቆጥራለች፤ ጥበቃው ማታ ማታ የሚመጡት የባንክ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ያውቃል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ሠራተኛው የማያውቀው ቀኑንና የሚከፈለውን ብቻ ነው። በዚህ ክፍተት ውስጥ ወሬ ይገባል፣ ጥርጣሬ ይገባል፣ «የሚወሰደውን ልውሰድ» የሚል ሐሳብም ይገባል። ቀኑንና ገንዘቡን የሚያውቅ ሰው ከንብረቱ ይልቅ ደብዳቤውን ይጠብቃል፤ ክፍያውን በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ እንደሚያገኝ እርግጠኛ የሆነ ሰው ያንን ክፍያ የሚያሳጣው ጥፋት ውስጥ ለመግባት ምን ምክንያት አለው?

ምስጢር ወዴት እንደሚያደርስ ከባሕር ማዶም ማየት ይቻላል። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ፒ ኤንድ ኦ ፌሪስ የተባለው የእንግሊዝ የመርከብ ኩባንያ ወደ 800 የሚጠጉ መርከበኞቹን አስቀድሞ በተቀዳ የቪዲዮ መልእክት በአንድ ቀን አሰናበተ፤ በርካሽ በሚከፈላቸው የኤጀንሲ ሠራተኞችም ተካቸው። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በፓርላማ ፊት ቀርበው የሠራተኛ ማኅበራቱን ማማከር እንደነበረባቸውና ይህን ሕግ አውቀው እንደጣሱ አመኑ፤ ብናማክራቸው አይቀበሉንም ነበር አሉ። ኩባንያው ለተሰናባቾቹ ከሕጉ በላይ ገንዘብ ሰጥቷል፤ ገንዘቡ ግን ዝም ለማለት ከሚያስገድድ ፊርማ ጋር የተያያዘ ነበር። እዚያ ዝምታው በውድ ተገዛ፤ እኛ ዘንድ በነጻ ይወሰዳል። በሁለቱም ቦታ አሠሪው ሊያስቀረው የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ሠራተኛው እውነቱን ሰምቶ ተሰብስቦ ጥያቄ የሚያቀርብበትን ጊዜ።

ሁለተኛው መከራከሪያ ባለሀብት ይሸሻል የሚለው ነው። ባሕር ዳር ላይ ይህን የሚሉ ሰዎች የሚያነሱት ነሐሴ 2008ን ነው፤ የኢስሜራልዳ የአበባ እርሻ ተቃጥሎ የሆላንዱ ኩባንያ 10 ሚሊዮን ዩሮ ኢንቨስትመንቱ እንደወደመ ለዓለም የተናገረበትን ወር። እውነት ነው፤ ያ ጉዳት ለከተማይቱም ለአካባቢዋ ገጠርም ከባድ ነበር። ግን የባለሀብቱን ኪሳራ በዩሮ ቆጥሮ መናገር ተገቢ ከሆነ፣ የሠራተኛውንም ኪሳራ በብር ቆጥሮ መናገር ተገቢ ነው፤ ስሌቱም በአዋጁ ተሰጥቷል። ደግሞስ ባለሀብት ከአገራችን የወጣው የስንብት ክፍያ በዝቶበት ነው? የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በኅዳር 2014 ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲወጣ ምክንያቱ ጦርነቱ ነበር። በታኅሣሥ 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድሉ ከአጎዋ ስታስወጣ ገበያው ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል ያወጣው ጥናት በሐዋሳ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ በዓለም ላይ ከየትም ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። በዚህ ደመወዝ ላይ የሚሰላ የስንብት ክፍያ ማንንም አያባርርም። ባለሀብትን ያባረረው ጦርነትና የገበያ መዘጋት ነው፤ ዕዳውን ግን በላውንደሪዋ ልጅ ላይ እየጻፍን ነው።

ሦስተኛውን በተለየ አክብሮት አየዋለሁ። ባለቤቱ ራሱ ከስሯል ይሉናል። ባሕር ዳር ላይ ይህ በብዙ ሰው ላይ የደረሰ ነው። ባንክ ወለዱን እየቆጠረበት፣ ክፍሎቹ ባዶ ሆነው፣ ጄኔሬተር በውድ ነዳጅ እያንቀሳቀሰ የከረመ ሰው አለ፤ ልጆቹን ያስተማረው በዚያ ሆቴል ነው። ለእርሱ አዝናለሁ። ነገር ግን የከሰረ ሰው ያለውን ሲያከፋፍል ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ በሕግ ተመልሷል፤ ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ክፍያዎችና ዕዳዎች ይቀድማል። በተግባር ግን ባንኩ፣ አቅራቢው፣ የመሬት ኪራይ ሰብሳቢው ቀድመው ይከፈላሉ፤ ምክንያቱም እነርሱ ወረቀት አላቸው፣ ጠበቃ አላቸው፣ ቢሯቸው ቅርብ ነው። መክፈል ያልቻለ ሰው «ይህን ያህል ዕዳ አለብኝ፤ በዚህና በዚህ ጊዜ እከፍላለሁ» ብሎ ቢጽፍ ማንም አያዋርደውም። መክፈል አለመቻልና ዕዳውን መካድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የገጠሩ ልማዳችን ራሱ ከዚህ «ጨዋነት» ጋር አይስማማም። በዱርቤቴ ዙሪያ በአቸፈር ገበሬ ለዓመት የቀጠረውን እረኛ ወይም አራሽ እርሻው ካለቀ በኋላ፣ ዳጉሳው ሳይሰበሰብ፣ «ሂድ፤ እጠራሃለሁ» ቢለው ሽማግሌ ይቀመጣል። ስንት ወር ሠራህ፣ የተስማማችሁት እህል ስንት ነው፣ ምን ተቀብለሃል ተብሎ በምስክር ፊት ይቆጠራል። ጌታው ችግር ካለበት ችግሩን እዚያው ይናገራል፤ ሽማግሌዎቹም ጊዜ ይሰጡታል። «ዝም ብለህ ሂድ፤ ውለታ አትርሳ» የሚል ሽማግሌ ቢገኝ አዳላ ይባላል። ታዲያ ያው ሽማግሌ ስለ ባሕር ዳር ሆቴል ሲሆን ለምን ፍርዱን ይለውጣል? ባለሀብቱ ትልቅ ስለሆነ? ሕንጻው ስላስፈራው? ወይስ የወር ደመወዝ ከእህል ያነሰ ላብ የወጣበት ስለመሰለው?

መናገር አይቻልም፣ ነገሩ ድንገተኛ ነው ለሚሉም አንድ ነገር ላንሳ። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በአንድ ሌሊት ሲያቆም፣ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው በኤች አይ ቪና በሌሎች ሥራዎች ላይ የነበሩ 5,000 ያህል ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ አዘዘ። ውሳኔው መራር ነበር፤ ብዙ ቤት ፈርሶበታል፤ ዓመታት በሠራ ሰው ላይ «ፕሮጀክቱ አለቀ» የሚለውን አካሄድም አልደግፈውም። ሆኖም ምክንያቱ በግልጽ ተነገረ፣ ማን እንደሚነካ ተነገረ። ከዋሽንግተን በቀናት ውስጥ የመጣን ነገር በደብዳቤ መግለጽ ከተቻለ፣ ወራት እየተዳከመ የመጣን ሆቴል ሁኔታ በአንድ ገጽ መጻፍ የሚያቅተው ማን ነው?

ይህ የእኔ ምኞት ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158ን እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። ስምምነቱ በኢኮኖሚ ምክንያት ሠራተኛ ሊያሰናብት ያሰበ አሠሪ ምክንያቱን፣ የሚነኩትን ሰዎች ቁጥርና የሥራ ዓይነት፣ የሚፈጸምበትን ጊዜ ለሠራተኛ ተወካዮች በጊዜው እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ግዴታችን ነው። የጎደለው አፈጻጸሙን የሚከታተል ነው። ባሕር ዳር ያለ የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ አንድ ሆቴል በር ላይ ቆሞ «ባለፈው ዓመት በዚህ ወር ስንት ሠራተኛ ነበራችሁ? ዛሬስ? የሄዱት በምን ምክንያት ሄዱ? ደብዳቤያቸው የት አለ?» ብሎ አራት ጥያቄ ቢጠይቅ የተደበቀው ቅነሳ ሁሉ በአንድ ጠዋት ይወጣል። አሠሪው የእግድ ማሳወቂያ ሳያስገባ በቃል ሠራተኛ ካሰናበተ፣ ያ ቀን የስንብት ቀን ሆኖ እንዲመዘገብበት፣ የይርጋው ጊዜ ግን ሠራተኛው ጽሑፍ እስኪደርሰው እንዳይቆጠርበት አዋጁ ቢሻሻል ደግሞ «እንጠራችኋለን» የሚለው ቃል ትርፉን ያጣል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ለዓመታት ስለ ዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ሲጮህ ኖሯል፤ ተገቢ ነው። ይህንንም ከዚያ እኩል ሊጮህበት ይገባል።

እስከዚያው ዱርቤቴ ላላችሁት ቤተሰቦች የምለው አለኝ። ልጃችሁ «ቤትህ ቆይ» ተብሎ ከመጣ ለምን መጣህ ብላችሁ አትውቀሱት፤ የመጨረሻ የሥራ ቀኑን በወረቀት ጻፉለት። በዚያው ሳምንት «በዚህ ቀን ሥራ የለም ተብያለሁ፤ የእግዱን ጊዜ ወይም የስንብት ክፍያዬን በጽሑፍ አሳውቁኝ» የሚል ማመልከቻ ለድርጅቱ ያስገባ፤ አንዱን ኮፒ ተቀባይ ያስፈርምበት፤ አልቀበልም ካሉት በፖስታ ይላክና ደረሰኙን ያስቀምጥ። የደመወዝ ወረቀት፣ የባንክ መዝገብ፣ የሥራ መታወቂያ፣ ፎቶ፣ የሥራ ባልደረባ ስልክ፣ ያለው ሁሉ ይሰብሰብ። ሦስት ወር ሳይሞላ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ይሂድ፤ ስድስት ወር ሳይሞላ ክሱን ያስገባ። የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅበትም። ስንብቱ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ሳይከፈል ያለ በቂ ምክንያት ከዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ገንዘብ ሊያስከፍል ይችላል። ሽማግሌ ሆናችሁ የምትቀመጡም ልጁን «ተው» ከማለታችሁ በፊት አሠሪውን «ምክንያቱን ጻፍለት» በሉት።